ከመጨረሻው የጀመረው አንባቢ

የሰፈሩ ሰው «ሐኪሟ» ይላታል። ከሕክምና ጋር ግን የሚያገናኛት ነገር የለም። የምትሠራው ከመነጽር ቤቱ በላይ፣ ደረጃው የሚንቋቋ ፎቅ ላይ፣ ማንጋ በሚከራይበትና በሚሸጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙ የወጣላት ደንበኛ ሲገባ «ምን ልስጥህ?» ስለማትል ነው። «ምን ሆነሃል?» ነው የምትለው። ከዚያ ጆሮዋን ሰጥታ ታዳምጥና ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች።

ማንጋ ጃፓኖች በሥዕል የሚተርኩት ታሪክ ነው፤ አኒሜ ደግሞ ያው ታሪክ ነፍስ ዘርቶ ሲንቀሳቀስ። የሐኪሟ እናት ሁለቱንም ጠቅልላ «ካርቱን» ትላቸዋለች፤ «ልጄ ካርቱን ታከራያለች» ስትልም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ልጅቷ ግን ሥራዋን እንደ ዋዛ አትይዘውም። እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ለሚሰቃየው ዳቦ ጋጋሪ፣ ከድመቱ ጋር ደሴት ላይ የሚኖረውን ሽማግሌ ታሪክ፣ ከቅጽ ቅጽ ምንም የማይፈጠርበትን ተከታታይ ሰጠችው፤ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ስለ ማንኮራፋቱ ልታማርር መጣች። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትለማመጥ ለምትውለው ጠበቃ ከተማ የሚያፈርሱ ግዙፍ ሮቦቶች ተመረጡላት። ነርሷ ደም ያለበት ነገር አትወድም ብሎ የገመተ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እሷ የምትወስደው ደሙ ከገጽ ገጽ የሚንፎለፎለውን ነው። «እዚያ የማጸዳው እኔ አይደለሁም» ትላለች።

የሱቁ ባለቤት ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። እሳቸው የስፖርት ማንጋ ካልሆነ አያነቡም። ጥግ ላይ ካለችው ወንበራቸው ሆነው፣ የሚወዱት የመረብ ኳስ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር መሀረብ ያወጣሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከታች ካለው መነጽር ቤት አንድ ወጣት ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ረጅም ነው፤ ነጭ ጋወን ለብሷል፤ የጋወኑ ትከሻ አቧራ ጠጥቷል። የሰው ዓይን የሚለካውም ሌንስ የሚሞርደውም እሱ ነው፤ ቤቱ ግን የታላቅ እህቱ ነው። ጋሼ ገና ሲያዩት «መነጽሬ መጣ» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም።

«ይቅርታ» አለ። «መደርደሪያ ስትጎትቱ ጣሪያው እኔ ላይ ይራገፋል። ትናንት የሰው ሌንስ ተበላሸብኝ።»

ሐኪሟ ልማድ ሆኖባት «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ነገርኩሽ እኮ። አቧራ።»

«ከአቧራው በፊት።»

 ወጣቱ ሳቀ፤ ሲስቅ መነጽሩን አውልቆ የመጥረግ ልማድ አለው። «ከአቧራው በፊት ደህና ነበርኩ» አለ፤ አባባሉ ግን የደህና ሰው አልነበረም።

ማንጋ አንብቦ እንደማያውቅ ሲነግራት፣ ለጀማሪ ይሆናል ብላ በአንድ ቅጽ የሚያልቅ የፍቅር ታሪክ መረጠችለት። «የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ» ይባላል። ቀላል ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። አንድ ወጣት አውቶቡስ ውስጥ ለማያውቃት ልጅ ወንበሩን ይለቅላታል። ስሟን ይጠይቃታል፤ ይተፋፈራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በሠርግ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ እኛ የኋላ የምንለው ሽፋን የእሱ የፊት ነው። አሳታሚዎቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ በግራ በኩል የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ያትማሉ። ሐኪሟ ደግሞ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን፣ የኪራይ ካርድ የሚገባበትን የወረቀት ኪስ የት ልለጥፍ ብላ ስታስብ፣ ሥዕል የሌለበት ገጽ ይሄ ብቻ ሆኖ አገኘችው። በሱቁ ባሉት መጻሕፍት ሁሉ፣ ልክ ማስጠንቀቂያው ላይ፣ ጥብቅ አድርጋ ለጠፈችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልተሳሳተም፤ የሚመጣው ሁሉ የማንጋ ሰው ነበርና።

መነጽሬ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

«ማነው የጻፈው?» አለ። «ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል?»

«ወደድከው ማለት ነው።»

«በሠርግ ሲጀምር ተራ ታሪክ መስሎኝ ነበር። ተጋብተዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉ ነገር ይጠፋባቸዋል። ይጣላሉ፤ ከጥሉ በኋላ እንደ እንግዳ መተፋፈር ይጀምራሉ። አንድ ቀን ጭራሽ ስሟን ይጠይቃታል። መጨረሻ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ይገናኙና አይተዋወቁም።» መነጽሩን አወለቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም። «ግን ወንበሩን ይለቅላታል።»

ሐኪሟ ነገሩ ገባት። ሳቋ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። በግራ በኩል ነው እኮ የከፈትከው ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አባቴ እንደዚያ ሆኖ ነው የሞተው» አለ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አባቱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁሉን ነገር ረስቶ ነበር፤ ልጆቹን፣ ቤቱን፣ ሚስቱን። «እናቴ ሳሎን በገባች ቁጥር ግን ብድግ ይላል። ‹ይቀመጡ እመቤቴ› ይላታል። ማን እንደሆነች አያውቅም። እሷም ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብላ ትቀመጣለች። እህቴ ያን ማየት ስለማትችል ትወጣ ነበር። ይሄን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ አንድ ሰው ጽፎታል።»

 የሐኪሟ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። «ሌላ ልስጥህ?» ብቻ አለች።

የዚያን ቀን ዝም ያሰኛት ኀዘኔታ ነበር፤ በዚህ ማንም አይፈርድባትም። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ስስት ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት የወንጀል ታሪክ ወሰደ። «ገዳዩ ከመጀመሪያው ታስሯል» ብሎ ተረከላት። «መርማሪው ማስረጃውን አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመልስና ይለቀዋል። መጨረሻ ላይ የሞተው ሰውዬ ተነስቶ ከገዳዩ ጋር ሻይ ይጠጣል። እንዲህ ዓይነት ይቅርታ አይቼ አላውቅም።» ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀጥሎ የቦክሰኛው ታሪክ መጣ። «ዋንጫውን ይመልሳል» አለ መነጽሬ። «በየግጥሚያው ጉልበቱን እየተወ ይሄድና ቡጢ መጨበጥ የማያውቅ ልጅ ሆኖ እናቱ ቤት ይገባል። ጀግና ማለት እንዲህ ነው።»

ጋሼ ከጥጋቸው ቀና አሉ። በዚያ ቦክሰኛ ስንት መሀረብ አርሰዋል። «የቱን ነው እሱ የሚያወራው?»

«ሌላ ነው ጋሼ» አለች ሐኪሟ ፈጥና። «አዲስ የመጣ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ምሳ ሰዓት የቀኑ ሁሉ ዋና ሆነ። ደረጃው ሲንቋቋ የእሱን እርምጃ ከሌላው ትለየዋለች። ማታ ቤቷ ገብታ፣ ያነበበውን መጽሐፍ እንደ እሱ ከግራ ትገልጠዋለች፤ ስንቴ ያነበበችው ታሪክ በእሱ ዓይን ሌላ ሆኖ ይመጣባታል። ለሰው ሁሉ የሚስማማውን የምትመርጥ ልጅ፣ ለእሷ ደግሞ የመረጠላት ሰው ኖሮ አያውቅም። አሁን ሳያውቀው እየመረጠላት ያለ ሰው አገኘች። ወደደችው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጉዱ የፈላው ጋሼ አንድ ሐሳብ በመጣላቸው ጊዜ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃ ዘግተን አኒሜ እናሳይ» አሉ። «ለመክፈቻ ‹የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ› ይሁን። ፊልሙን አግኝቼዋለሁ።»

«ዲስኩ ተጭሯል ጋሼ።»

«ሌላ ገዛሁ።»

«ፊልሙ እኮ እንደ መጽሐፉ አይደለም ይባላል።»

«አንቺው አይደለሽ ደጋግመሽ ስታዪው የኖርሽው?» አሉና ማስታወቂያውን ደረጃው ላይ ለጠፉት።

መነጽሬ ማስታወቂያውን እንዳየ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ መጣ። ፊቱ በርቷል። «እህቴን ይዣት እመጣለሁ» አለ። «ስለ አባታችን ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ይሄን ካየች ግን ይገባታል። በእኔ አፍ ልነግራት አልቻልኩም፤ ፊልሙ ይንገርልኝ።»

 ሐኪሟ አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም። «ስማኝማ፣ መጽሐፉ…»

«እ?»

ዓይኑን አየችው።  «ፊልም አንዳንዴ ከመጽሐፍ ይለያል።»

«መጨረሻውን ካልቀየሩት ግድ የለኝም» አለ።

ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ዳቦ ጋጋሪው ከነሚስቱ፣ ነርሷ፣ ጠበቃዋ፣ ሁሉም መጡ። መነጽሬና እህቱ ከፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መብራቱ ጠፋ፤ አውቶቡስ ታየ፤ አንድ ወጣት ከወንበሩ ተነሳ።

«ከመጨረሻው ጀመሩት» አለ መነጽሬ በሹክሹክታ፤ በዚያ ጸጥታ ሹክሹክታው ለሁሉም ተሰማ።

ነርሷ ዞር አለች። «ከመጀመሪያው ነው እንጂ።»

«አንብቤዋለሁ እኮ። በሠርግ ነው የሚጀምረው።»

 ዳቦ ጋጋሪው «ወንድሜ፣ ከቂጡ ነው ያነበብከው» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ክፋት የለበትም፤ ያልሳቀ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እህቱ ናት፤ ከልጆቿ ጋር ማንጋ ስለምታነብ ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። «አንተ ልጅ፣ ስንት መጽሐፍ ሙሉ እንዲህ አነበብክ?» እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች።

መነጽሬም ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ በዚህም አወቀባት።

ፊልሙ እስከ ሠርጉ ድረስ ታየ። እህቱ «ደስ ይላል» አለች፤ ስለ አባታቸው አንዲት ቃል አላነሳችም። መነጽሬ እንደ ጨዋ ልጅ ወንበሮቹን አብሮ አጣጠፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከመጀመሪያው ቀን ታውቂ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«እሺ» አለና ወረደ። ቢቆጣት ኖሮ በስንት ጣዕሙ።

ከዚያ በኋላ ደረጃው በእሱ እርምጃ አልተንቋቋም። ሐኪሟ ሥራ ተበላሸባት። ለጠበቃዋ የሽማግሌውንና የድመቱን ታሪክ ሰጠቻት፤ ጠበቃዋ ችሎት ላይ አዛጋች። ለዳቦ ጋጋሪው የነርሷን ደም ሰጠችው፤ እንቅልፉ ተመልሶ ጠፋ፣ ሚስቱም እንደገና መጣች። ጋሼ መጽሐፋቸውን ከደኑና ትኩር ብለው አዩዋት።

«ምን ሆነሻል?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ስንቱን ጠይቃለች፤ ሲጠየቁት እንዲህ እንደሚከብድ ግን አታውቅም ነበር። ቁጭ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው፤ የወረቀቱን ኪስ፣ አባትየውን፣ ዝምታዋን፣ መውደዷን።

ጋሼ አገጫቸውን አሹ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። «እሱ ሲወጣበት የነበረው ደረጃ አይደል? ወደ ታችም እኮ ያስወርዳል።»

ውሃ አሞቀች። በእርጥብ ጨርቅ የአውቶቡሱን መጽሐፍ የወረቀት ኪስ እያራሰች ቀስ ብላ ላጠችው፤ ገጹ ትንሽ ተቀደደ እንጂ ጽሑፉ ይነበባል። መጽሐፉን ብብቷ ሥር አድርጋ ወረደች።

«ዓይኔን ልለካ ነው» አለቻት ለእህቱ።

እህቱ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እኔ ደግሞ ዛሬም አትመጪም ብዬ ነበር» አለች። «ግቢ። የጎረስኩትን አላስውጥ ብሎኛል፤ ኩርፊያው ቤቱን ሞልቶታል።»

ዓይን የሚለካባት ክፍል ጨለም ያለች ናት፤ ግድግዳው ላይ ፊደሎች በርተዋል። መነጽሬ ቀና ብሎ አያትና ልክ እንደማንኛውም ደንበኛ ወንበሩን አሳያት። «አገጭሽን እዚህ አስደግፊ» አለ። ሌንሶቹን ፊቷ ላይ አመቻቸ። እጁ ጉንጯን ላለመንካት ይጠነቀቃል።

«ከቀኝ ነው የምንጀምረው» አለና ያለውን ራሱ ሰማው።

 ከንፈሩ ፈገግ ሊል ቃጣውና ከለከለው።

«አንደኛው ይሻላል» ሌንስ ቀየረ «ወይስ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

«ቀኝ ዓይንሽ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ አጠገቤ ያለ ሰው ሲጎዳ እንዴት አላየሁም?» አለችና መጽሐፉን ጭኗ ላይ ገለጠችው። በጨለማው ውስጥ መብራቱን ወደ ገጹ አዞረ። «ቁም» ይላል ማስጠንቀቂያው። «ይህ የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። በሌላው በኩል ጀምር።»

«ይሄን የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስህተቱ ያንተ አልነበረም።»

መነጽሬ የተቀደደውን ገጽ በጣቱ ዳበሰ። «የከፋኝ መሳሳቴ አይደለም። ሲሳቅብኝ ለምጃለሁ፤ እህት አለኝ። የከፋኝ፣ ያ ታሪክ የለም ማለት ነው። የአባቴን የጻፈው ሰው የለም። ለሁለት ወጣቶች ነው ያለቀስኩት።»

«አለ» አለች። «ያን መጽሐፍ በቃሌ ነው የማውቀው፤ አልቅሼበት ግን አላውቅም ነበር። አንተ ከነገርከኝ በኋላ ቤቴ ወስጄ ከግራ አነበብኩት። ወንበሩን ሲለቅላት አባትህን አየሁት። የጻፈው ሰው አላወቀው ይሆናል እንጂ ታሪኩስ እዚያው ውስጥ ነው።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?»

«መጀመሪያ አዘንኩልህ። በኋላ ግን እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። ካወቅክ እንደ ሰው ሁሉ አንብበህ፣ እንደ ሰው ሁሉ መልሰህ ትሄዳለህ ብዬ።» ከሌንሶቹ ጀርባ ሆኖ መናገር ቀለላት። «ወድጄሃለሁ። ይኸው፣ እኔም ከመጨረሻው ጀመርኩት።»

መነጽሬ መነጽሩን አወለቀና በጋወኑ ጫፍ ጠረገ፤ ጠረገ፤ ከሚገባው በላይ ጠረገ። ሲመልሰው ዓይኑ እየሳቀ ነበር።

«የግራ ዓይንሽ ይቀራል» አለ።

ሌንሱን አስተካከለ። አሁን እጁ ጉንጯን ለመንካት አልፈራም። «አንደኛው፣ ዛሬ ከሥራ በኋላ እናቴ ጋ እንሄዳለን። ሁለተኛው፣ ነገ እንሄዳለን። የቱ ይሻላል?»

«አንደኛው።»

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለች እህቱ ከበሩ ማዶ፤ ለመስማት የቀረበች ሰው ድምፅ ነበር።

ማታ ሦስቱም አብረው ሄዱ። እናትየው መስኮት ሥር ባለው ሶፋ ላይ ሆነው ሹራብ ይሠሩ ነበር። መነጽሬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ እሱ እንዳነበበው ተረከላቸው፤ ከሠርጉ እስከ አውቶቡሱ። እህቱ በዚህ ጊዜ ክፍሉን ጥላ አልወጣችም። ከዚያ ሐኪሟ ከሌላው በኩል ተረከችላቸው፤ ከአውቶቡሱ እስከ ሠርጉ።

እናትየው ሹራባቸውን አስቀምጠው ሥዕሉን ሲያዩ ቆዩ።

«አባታችሁን ያወቅሁት እንዴት እንደሆነ ነግሬያችሁ አላውቅም?» አሉ።

ልጆቹ ተያዩ።

«ፖስታ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ብድግ አለ። ‹ይቀመጡ እመቤቴ› አለኝ። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነኝ፤ እመቤቴ ሲለኝ ሳቄ መጣ።» የሥዕሉን ወንበር በጣታቸው ነኩት። «በኋላ ሁሉን ነገር ረሳ፤ እናንተንም እኔንም። ረስቶ ረስቶ እዚያች ቀን ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰው ሲያዝንልኝ ይገርመኝ ነበር። እኔ በየቀኑ ያን ፖስታ ቤት ነበር የምገባው።»

እህትየው እናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ አለቀሰች፤ ከአባቷ ቀብር ወዲህ በሰው ፊት ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መነጽሬ የሐኪሟን እጅ ያዘ። እናትየው አዩ፤ ያላዩ መስለውም ወደ ሹራባቸው ተመለሱ።

ዛሬ ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ኪሶቹ ሁሉ ተልጠው ሌላ ቦታ ተለጥፈዋል፤ ዳቦ ጋጋሪው ያንኮራፋል። የሐኪሟ እናትም «ልጄ ካርቱን ታከራያለች» ስትል ድምጿን ዝቅ ማድረጉን ትታለች፤ እንዲያውም ሳትጠየቅ ነው የምትናገረው። ከሥራ ሲወጡ ግን አንድ ልማድ አላቸው። መነጽሬ ቀደም ብሎ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሩ ይሄድና አውቶቡሱን ከዚያ ይይዛል፤ ሐኪሟ በሚቀጥለው ፌርማታ ትገባለች። እሱ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

«ይቀመጡ እመቤቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ሳቋን ውጣ።

አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል። ታውቂዋለሽ?»

ሐኪሟ ቀና አለች። ከላይ የተንጠለጠለውን መያዣ በአንድ እጁ ይዞ፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነው።

«አላውቀውም» አለች። «ግን ልተዋወቀው ነው።»